ኮምጣጣ ነገርና የብረታ ብረት ዕቃ፤ ሙቀት ሲጨምር የመበላቱ ፍጥነት ስለሚጨምርበት ምክንያት

በየወረዳው የእርሻንና የከብት እርባታን ሥራ ለሚመሩ ሹማምንት ከገበሬው ዘወትር ከሚቀርቡላቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ እርጎና አሬራ፣ አጓትና ማር፣ የሎሚና የልዩ ልዩ ፍሬ ጭማቂ በምን ዓይነት ዕቃ ቢያዝ ይሻላል የሚለው ነው። የቀድሞ እናቶች ይህን ጥያቄ በሸክላ ማሰሮ፣ በቅልና በግሬራ መልሰውት ነበር፤ በመልሳቸውም እስከ ዛሬ ድረስ ስሕተት አልተገኘበትም። ዳሩ ግን ሸክላ ይሰበራል፣ ቅልም ብዙ አይዝም፤ የፕላስቲክ ጀሪካን በየገበያው ቢበዛም እሳት ላይ አይጣድም። ስለዚህ ሥራው ሲበረክትና ወተቱ ከብዙ ቤት ሲሰበሰብ ሰው እጁን ወደ ቆርቆሮ ባልዲና ወደ በርሜል ይዘረጋል። ባልዲው ብረት ነው፤ ብረቱም እንዳይዝግ በላዩ ዚንክ የሚባል ሌላ ማዕድን በስሱ ተለብጦበታል።

ይህ ባልዲ ለውሃና ለእህል መልካም ዕቃ መሆኑ አያጠራጥርም። ኮምጣጣ ነገር ሲገባበት ግን ነገሩ ይለወጣል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር «ለጥቂት ሰዓት ቢሆን አይጎዳም፤ ክፉው ማሳደሩ ነው» የሚል ነው። ይህ ምክር ሰዓቱን ይናገራል እንጂ ሙቀቱን አይናገርም፤ ጉድለቱም እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰዓት በደጋ ቤት ጥላ ውስጥና አንድ ሰዓት በምድጃ ላይ ለሰው እኩል ሰዓት ናቸው፤ ለዚንኩ ግን አሥር ጊዜና ከዚያም በላይ ሊበላለጡ ይችላሉ። ይህ ልዩነት ከምን እንደሚመጣ ያወቀ ሹም ለገበሬው የሚሰጠው ምክር ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው ቀበሌ ሲሄድ አይፈርስበትም።

አሲድ ብረታ ብረትን የሚበላበት አኳኋን

የኮምጣጣ ምግብ ሁሉ ጣዕሙ የሚመጣው አሲድ ከሚባል ነገር ነው። በእርጎና በአሬራ ውስጥ ያለው አሲድ ላክቲክ፣ በሎሚ ያለው ሲትሪክ፣ በአቼቶ ያለው አሴቲክ ይባላል። ማር እንኳ፣ ጣፋጭነቱ ቢሸፍነውም፣ በውስጡ አሲድ አለበት። ስማቸው ይለያይ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው፤ አሲድ በውሃ ውስጥ ሲሆን የሃይድሮጂን ቅንጣቶችን ይለቃል፤ እነዚህም ቅንጣቶች የኤሌክትሪክ ጉድለት ስላለባቸው ዚንክን በነኩ ጊዜ ጉድለታቸውን ከርሱ ይሞላሉ። ኤሌክትሪኩን የሰጠው ዚንክ ጠጣርነቱን ትቶ በፈሳሹ ይሟሟል፤ የተቀበለው ሃይድሮጂን ደግሞ አየር ሆኖ በጥቃቅን አረፋ ወደ ላይ ይወጣል። ይህን አየር እንግሊዛዊው ሄንሪ ካቨንዲሽ ዚንክን፣ ብረትንና ቆርቆሮን በአሲድ እያሟሟ አጥንቶ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1766 ዓ.ም. ጽፎበታል፤ እሳት ሲነካውም የሚቀጣጠል መሆኑን ገልጿል።

የተሟሟው ዚንክ ከዓይን ተሰወረ እንጂ አልጠፋም። በፈሳሹ ውስጥ ቀለም የለውም፤ የሚታወቀው ብዙ ሲሆን ምላስን በሚይዝ የብረት ጣዕሙ ብቻ ነው፤ ያንንም ቢሆን የአሬራው ኮምጣጣነት ይሸፍነዋል። ዚንክ በጥቂቱ ለሰው ሰውነት አስፈላጊ ነው፤ ለአንድ አዋቂ በቀን ከ8 እስከ 11 ሚሊ ግራም ያህል ይበቃዋል። ልኩን ካለፈ ግን ሆድን ያውካል፤ ለማስመለስ የሚበቃው መጠን ከ225 እስከ 450 ሚሊ ግራም እንደሆነ ይነገራል። ይህ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ በሒሳብ ማየት ይቻላል። በአንድ ሊትር አሬራ 8 ግራም ላክቲክ አሲድ አለ እንበል። ይህ አሲድ ሁሉ በዚንክ ላይ ቢውል 2.9 ግራም ዚንክ ያሟሟል። ሁሉ ባይውልና ከአሥር እጅ አንዱ ብቻ ቢውል እንኳ በሊትሩ ውስጥ 290 ሚሊ ግራም ዚንክ ይገኛል፤ ይህም ከማስመለሻው መጠን ደርሷል። እንዲህ ያለውን አሬራ የጠጣ ቤተ ሰብ በጥቂት ደቂቃ ወይም በጥቂት ሰዓት ውስጥ ማቅለሽለሽ፣ ትውከትና የሆድ ቁርጠት ያገኘዋል፤ ብዙ ሰዎች በአንድነት ሲታመሙም ምክንያቱ ወደ ወተቱ ወይም ወደ ላሚቱ ሲጎተት ይታያል እንጂ ባልዲውን የሚጠይቅ አይገኝም።

እንግዲህ የሚጠየቀው፣ ከአሥር እጅ አንዱ አሲድ በዚንኩ ላይ እስኪውል ስንት ሰዓት ይፈጃል የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ ሙቀቱ ሳይነገር መልስ መስጠት አይቻልም።

ሙቀትና ፍጥነት

በአሲድ የሚደረግን ለውጥ በሰዓት እየለኩ ፍጥነቱን በሒሳብ ማስቀመጥ የተጀመረው በብረታ ብረት ሳይሆን በስኳር ነው። ጀርመናዊው ሉድቪግ ቪልሄልሚ በ1850 ዓ.ም. የሸንኮራ ስኳር በአሲድ ውስጥ የሚለወጥበትን ፍጥነት ለካ። የሆላንድ ሊቅ ቫንት ሆፍ በ1884 ዓ.ም. ፍጥነትና ሙቀት የሚያያዙበትን ሒሳብ በመጽሐፍ አወጣ። ከዚያም በ1889 ዓ.ም. የስዊድኑ ስቫንቴ አሬኒየስ፣ አሁንም በዚያው በስኳርና በአሲድ ላይ የተሠሩትን ሥራዎች መርምሮ፣ ሙቀት ሲጨምር ፍጥነት ለምን እጅግ እንደሚጨምር የሚያስረዳውን ሐሳብ አቀረበ፤ ሕጉም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ለዕለት ሥራ የሚበቃው አባባል እንዲህ ነው፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በጨመረ ቁጥር የብዙ ኬሚካዊ ለውጦች ፍጥነት እጥፍ ያህል ይሆናል። ይህ አባባል ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ እጥፍ በእጥፍ ላይ ሲደራረብ ግን የሚሆነውን ሰው አስቀድሞ አይገምተውም። ፍጥነቱ በ20 ዲግሪ አንድ ከሆነ፣ በ30 ዲግሪ ሁለት፣ በ40 አራት፣ በ50 ስምንት፣ በ60 ደግሞ አሥራ ስድስት ይሆናል። ስለዚህ በ60 ዲግሪ የተቀመጠ አንድ ሰዓት በ20 ዲግሪ ከተቀመጠ 16 ሰዓት ጋር ይተካከላል። «ለጥቂት ሰዓት አይጎዳም» የሚለው ምክር በእሳት ዳር የሚፈርሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህም ነገር ለአገራችን ቤት እንግዳ አይደለም፤ አይብ የሚወጣው በትክክል በዚህ መንገድ ነውና። ወተቱ ረግቶ ከተናጠና ቅቤው ከወጣ በኋላ የቀረው አሬራ በለስላሳ እሳት ላይ ይጣዳል፤ ከ40 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ሆኖ አይቡ ከአጓቱ እስኪለይ ድረስ ይቆያል። እንግዲህ አሲዱ በበዛበት ሰዓት ሙቀቱ ይጨመርበታል ማለት ነው። ይህ ሥራ በሸክላ ማሰሮ ሲሠራ ምንም ጉዳት የለውም፤ ሸክላ ለእንዲህ ያለው አሲድ አይበገርም። ያው አሬራ ዚንክ በተለበጠ ባልዲ ተጥዶ እንደሆነ ግን፣ ሌሊቱን ሁሉ በብርድ ቢያድር የማይደርስበት ጉዳት ከእሳቱ ሳይወርድ ይደርስበታል። ከዚያም አጓቱ ለሰው ወይም ለጥጃ ይሰጣል፤ የተሟሟው ዚንክም አብሮት ይሄዳል።

ምክንያቱን ለመረዳት የቅንጣቶችን እንቅስቃሴ ማሰብ ያስፈልጋል። በፈሳሽ ውስጥ ያሉ ቅንጣቶች ሁሉ ሳያቋርጡ ይሯሯጣሉ፤ እርስ በርሳቸውም ከዕቃውም ግድግዳ ጋር ይጋጫሉ። ሙቀት ማለት የዚህ ሩጫ ኃይል ነው። አንዳንድ ሰው ሙቀት ሲጨምር ሩጫው ስለሚበረታ ግጭቱ ይበዛል፣ ግጭቱም ስለበዛ ለውጡ ይፈጥናል ብሎ ያስባል። ይህ እውነት ቢሆንም እጅግ ጥቂቱ ምክንያት ነው፤ ከ20 ወደ 30 ዲግሪ ሲወጣ የቅንጣቶቹ አማካይ ፍጥነት የሚጨምረው ከመቶ ሁለት እጅ እንኳ አይሞላም። ከመቶ ሁለት የማይሞላ ጭማሪ እንዴት አድርጎ ሥራውን እጥፍ ያደርገዋል?

አሬኒየስ የመለሰው መልስ፣ የሚጋጭ ሁሉ አይለወጥም የሚል ነው። ቅንጣቱ ለውጡን ለማድረግ አንድ የኃይል አጥር መዝለል አለበት። በበረት ውስጥ ያሉ ወይፈኖችን ማሰብ ይቻላል። አጥሩ ከፍ ያለ ስለሆነ ከመንጋው የሚዘልለው ከመቶው አንዱ ብቻ ነው እንበል፤ የቀሩት ጉልበታቸው መካከለኛ ስለሆነ አጥሩ ሥር ይመለሳሉ። የመንጋው ሁሉ ጉልበት በጥቂቱ ቢጨምር መካከለኞቹ አሁንም አይዘልሉም፤ ነገር ግን ትናንት ለጥቂት ያቃታቸው ብርቱዎች ዛሬ ይዘልላሉ፤ የዘላዮቹም ቁጥር ከአንድ ወደ ሁለት ይደርሳል። የመንጋው አማካይ ጉልበት ምንም ያህል ሳይለወጥ ያመለጡት ከብቶች እጥፍ ሆኑ ማለት ነው። በፈሳሹም ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው። የአጥሩ ከፍታ ለእያንዳንዱ ለውጥ የተለየ ስለሆነም፣ አንዱ ለውጥ በ10 ዲግሪ ከእጥፍ በላይ ሲፈጥን ሌላው ከእጥፍ በታች ይሆናል።

ሕጉ ስለሚዛነፍበት ሁኔታ

የእጥፉ አባባል መምሪያ እንጂ ሚዛን አይደለም፤ ይህን ያልተረዳ ሰው አንድ ቀን ለክቶ ያልሆነለት እንደሆነ ሕጉን ሁሉ ውሸት ይለዋል።

አሲዱ ብርቱ፣ ብረታ ብረቱም ቶሎ የሚሟሟ ሲሆን፣ ለምሳሌ ማግኒዚየም በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ሲገባ፣ አጥሩን መዝለል አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው አዲስ አሲድ ከፈሳሹ መካከል ተጉዞ ከብረታ ብረቱ ዘንድ መድረሱ ነው። ጉዞ ደግሞ በሙቀት የሚፈጥነው በጥቂቱ ስለሆነ እጥፍ አይገኝም። እንዲህ ባለው ጊዜ ፈሳሹን ማማሰል ሙቀት ከመጨመር የማያንስ ሥራ ይሠራል። ሁለተኛም፣ ብረታ ብረት በአሲድ ሲሟሟ ራሱ ሙቀት ያወጣል። አሲዱ ጥቂትና ብርቱ ከሆነ ፈሳሹ በራሱ እየሞቀ ይሄዳል፤ ስለሞቀም ይፈጥናል፤ ስለፈጠነም ይበልጥ ይሞቃል። በአቼቶና በአሬራ ይህ እምብዛም አይታወቅም፤ በመኪና ባትሪ አሲድ ግን አደገኛ ነው፤ ስለዚህ ይህን አሲድ ለዕቃ ማጽጃ ማዋል ፈጽሞ አይገባም።

የብረታ ብረቱም ንጽሕና ለውጥ ያመጣል። እጅግ ንጹሕ የሆነ ዚንክ በአሲድ ውስጥ በዝግታ ብቻ ይሟሟል፤ ሌላ ማዕድን የተቀላቀለበት ወይም ከብረት ጋር የተነካካ ዚንክ ግን ፈጥኖ ይበላል። የባልዲው ልባጥ ከብረት ጋር የተጣበቀ ስለሆነ አንድ ስፍራ ተፍቆ ብረቱ ከታየ በዚያ ዙሪያ ያለው ዚንክ ከሌላው ይልቅ ይቸኩላል። አሮጌ ባልዲ ከአዲሱ የሚከፋው በዚህ ነው።

አሉሚኒየም ጠባዩ ሌላ ነው። በላዩ ዓይን የማያየው ቀጭን ቅርፊት አለው፤ ቅርፊቱ እስካለ ድረስ ለጥሬ ወተት መያዣ ተስማሚ ስለሆነ በብዙ አገር የወተት ማመላለሻ ዕቃ ይሠራበታል። ብርቱ ኮምጣጣ ነገር በሙቀት ሲቆይበት ግን ቅርፊቱ ይሟሟል። መዳብ ደግሞ ከአሲድ ሃይድሮጂን አያወጣም፤ ነገር ግን አየር ባለበት ከአሲድ ጋር ሆኖ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። ለወተት ሥራ መዳብ የሚጠላበት ሌላም ምክንያት አለ፤ እጅግ ጥቂት የመዳብ ቅንጣት እንኳ ቅቤው ቶሎ እንዲበላሽ ያደርጋል። ከሁሉ የሚሻለው የማይዝግ ብረት ነው፤ በውስጡ ክሮሚየም የሚባለው ማዕድን ከመቶ 10.5 እጅ ያላነሰ ስላለበት በላዩ ያለው ቅርፊት ቢፋቅ እንኳ ወዲያው ይተካል። ዋጋው ግን ለእያንዳንዱ ገበሬ ቤት የሚደርስ አይደለም፤ ለማኅበር ወይም ለወተት መሰብሰቢያ ቢገዛ ያዋጣል።

በትምህርት ቤትና በገበሬዎች ማሠልጠኛ ሊሠራ ስለሚቻል ፈተና

ነገሩን በቃል ከመንገር ይልቅ ማሳየት ይሻላል፤ ዕቃውም ውድ አይደለም። ከአንድ ቆርቆሮ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር በአራት ሳንቲ ሜትር የሆኑ አራት ቁራጮች ይቆረጣሉ። ሁሉም ከአንድ ቆርቆሮ መሆናቸውና ልካቸውም እኩል መሆኑ አስፈላጊ ነው፤ በተቆረጠው ጠርዝ ላይ ብረቱ ስለሚገለጥ ጠርዙ የረዘመው ቁራጭ ያለ ሙቀትም ይፈጥናልና። ቁራጮቹ በሳሙና ታጥበው በውሃ ይለቀለቃሉ፤ ከዚያም በኋላ በእጅ አይነኩም፤ የእጅ ቅባት አሲዱን ይከለክላል።

አየሩን ለመለካት የከብት ሐኪም የሚጠቀምበት 20 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አዲስ መርፌ፣ ሹሉ ተነቅሎ፣ እጅግ ይመቻል፤ ልኩ በላዩ ተጽፏልና። ገፊው ይወጣና ቁራጩ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ገፊውም ተመልሶ ከገባ በኋላ አቼቶ እስኪሞላ ይሳብበታል። አየር እንዳይቀር አፉን ወደ ላይ አድርጎ ማስወጣት ነው። ከዚህ በኋላ መርፌው አፉን ወደ ታች አድርጎ አቼቶ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ይቆማል። ከቁራጩ የሚወጣው ሃይድሮጂን ወደ ላይ ወጥቶ ከገፊው ሥር ይጠራቀማል፤ በስፍራውም የነበረው አቼቶ በአፉ ወደ ብርጭቆው ይወርዳል። አንድ ሚሊ ሊትር አየር እስኪጠራቀም የፈጀው ጊዜ በሰዓት ይጻፋል።

ብርጭቆው ከነመርፌው ውሃ ባለበት ሰፊ ሳፋ ውስጥ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ሳፋ በ10 ዲግሪ፣ ሁለተኛው በ20፣ ሦስተኛው በ30፣ አራተኛው በ40 ይያዝ። ቀዝቃዛውን በደጋ አገር ውጭ ያደረ ውሃ ሊሰጥ ይችላል፤ የሞቀውን ለመጠበቅ ትኩስ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመርበታል። የሙቀት መለኪያው የሚነከረው ከሳፋው ውሃ ይልቅ በአቼቶው ውስጥ ቢሆን ይበልጥ እውነተኛ ነው። የቀዝቃዛው ሳፋ ሥራ ትዕግሥት የሚጠይቅ ስለሆነ መጀመሪያ እርሱን ማቆምና ሌሎቹን በዚያ መካከል መሥራት ይሻላል። ለእያንዳንዱ ሙቀት አዲስ ቁራጭና አዲስ አቼቶ ያስፈልጋል፤ አንድ ጊዜ የተበላ ቁራጭ ፊቱ ስለሚሻክር ሁለተኛው ልክ ከመጀመሪያው ጋር አይመሳሰልም።

ለምሳሌ ያህል፣ በ20 ዲግሪ 40 ደቂቃ የፈጀ ቢሆን፣ እንደ እጥፉ አባባል በ30 ዲግሪ 20 ደቂቃ፣ በ40 ዲግሪ 10 ደቂቃ፣ በ10 ዲግሪ ደግሞ 80 ደቂቃ ይጠበቃል። የተገኘው ቁጥር ከዚህ ራቅ ብሎ በየ10 ዲግሪው አንድ ከግማሽ ወይም ሁለት ከግማሽ ጊዜ ቢሆን ፈተናው ተበላሸ አይባልም፤ እውነተኛው ቁጥር ሳይነካ ይጻፍ። ተማሪ መጽሐፍ የሚለውን ቁጥር ለማግኘት ብሎ ሰዓቱን ሲያስተካክል ቢገኝ ግን ያኔ ፈተናው በእውነት ተበላሽቷል። በሥራው አጠገብ ክብሪትም ሆነ ሌላ እሳት መኖር የለበትም፤ የሚጠራቀመው ጥቂት ቢሆንም የሚቀጣጠል አየር ነው።

በመጽሐፍ ላይ ያለውን የአየር ልክ ከዚህ አገር ልክ ጋር ለሚያወዳድር አስተማሪ አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልገዋል። አንድ ግራም ዚንክ ሙሉ በሙሉ ሲሟሟ በባሕር ጠለል፣ በ20 ዲግሪ፣ 370 ሚሊ ሊትር ያህል ሃይድሮጂን ይሰጣል። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ ግን የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል ስለሆነ ያው ሃይድሮጂን ተዘርግቶ ወደ 490 ሚሊ ሊትር ይጠጋል። እንደዚሁም በአዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የሙቀት መለኪያውን በፈላ ውሃ የሚመረምር ሰው ይህን ሳያስብ መለኪያውን ስሕተተኛ ነው ብሎ እንዳይጥለው።

ስለ ደጋና ቆላ ልዩነት

ከፍታ በአንድ ሺህ ሜትር በቀነሰ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ደብረ ብርሃን በ2,800 ሜትር ገደማ፣ ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በመካከላቸው ያለው 1,600 ሜትር በዚህ ሒሳብ 10 ዲግሪ ያህል ይሆናል፤ ይህም አንድ እጥፍ ማለት ነው። አንድ ዕቃ በደብረ ብርሃን አካባቢ ለአንድ ዓመት ያገለገለበት ሥራ በድሬዳዋ አካባቢ በግማሽ ዓመት ሊጨርሰው ይችላል። ለደጋው የተጻፈ የሰዓት ልክ እንዳለ ተገልብጦ ወደ ቆላ ሲላክ ግማሹ ስሕተት ሆኖ የሚደርሰው ስለዚህ ነው።

በወተት ጉዳይ ግን ልዩነቱ በዚህ አያበቃም። ወተትን የሚያኮመጥጡት ጥቃቅን ሕዋሳት ራሳቸው ሙቀት ሲያገኙ ይበረታሉ፤ ስለዚህ በቆላ ወተቱ ቶሎ ይኮመጥጣል። በደጋ ማለዳ የታለበ ወተት እስከ ማታ ሳይኮመጥጥ ሊቆይ ሲችል በቆላ ከቀትር በኋላ ይኮመጥጣል። በአንድ በኩል አሲዱ ፈጥኖ ይበዛል፤ በሌላ በኩል የበዛው አሲድ ዚንኩን በፈጠነ ኃይል ይበላዋል። ሁለቱ ሲባዙ የቆላው ጉዳት ከእጥፍ እጅግ ይበልጣል። ባልዲው ፀሐይ ላይ ከተቀመጠ ደግሞ ደጋውም ቆላ ይሆናል።

ስለዚህ ሹማምንት ለገበሬው የሚናገሩት ቃል ከሰዓት ጋር ያልተያያዘ ቢሆን ይመረጣል። ዚንክ የተለበጠ ዕቃ ለውሃ፣ ለደረቅ እህልና ለመኖ ነው፤ እርጎ፣ አሬራ፣ አጓት፣ የፍሬ ጭማቂ፣ ጠላና ጠጅ ለአጭር ጊዜም ቢሆን አይግባበት። አይብ የሚወጣው በሸክላ ወይም በማይዝግ ብረት ይሁን፤ ሽፋኑ ያልተላጠ የኤናሜል ዕቃም ይሆናል። ማር ሲነጠር እንዲቀጥን የሚያሞቁት ሰዎችም ይህን ይስሙ፤ ማር በቀዝቃዛነቱ ወፍራም ስለሆነ አሲዱ ከዕቃው ዘንድ በዝግታ ይደርሳል፤ ሲሞቅ ግን ይቀጥናል፣ አሲዱም ይነቃል፤ ሁለት ምክንያት በአንድ ጊዜ ይመጣበታል። የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ያለባቸው ወረዳዎች ደግሞ የተፈለፈለ ቡና በገንዳ ውስጥ ሲብላላ አሲድ እንደሚያወጣ አስበው፣ ዚንክ የተለበጠውን የመሣሪያ ክፍል ሥራው እንዳለቀ በብዙ ውሃ ቢያሳጥቡ ዕድሜው ይረዝማል።

ባልዲ ሲመረመር የሚታዩ ምልክቶች አሉ። አዲስ ልባጥ ያብለጨልጫል፤ በውሃ ብቻ ያረጀው አመድ መስሎ ይደበዝዛል፤ ይህ ድብዘዛ ጉዳት አይደለም፤ እንዲያውም ዚንኩን የሚጠብቅ ቅርፊት ነው። ኮምጣጣ ነገር የበላው ግን ፈሳሹ እስከ ደረሰበት መስመር ድረስ ሻክሮና ጠቁሮ ከመስመሩ በላይ ካለው ይለያል፤ ከታችም ቀይ የብረት ዝገት ነጠብጣብ ይታይበታል። እንዲህ ያለ ባልዲ በወተት መሰብሰቢያ ስፍራ ቢገኝ ከወተት ሥራ ወጥቶ ለከብት ውሃ መቅጃ ይሰጥ።

ይኸው ሕግ በሌላ በኩል ጥቅም አለው። ብረት ዚንክ ከመለበጡ በፊት ዝገቱ በአሲድ ይታጠባል፤ በሰልፈሪክ አሲድ የሚያጥቡ ፋብሪካዎች አሲዱን ከ60 እስከ 80 ዲግሪ የሚያሞቁት ሥራው እንዲፈጥን ነው፤ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ግን ሳይሞቅም ስለሚበቃ በተራ ሙቀት ይሠሩበታል። በወተት መሰብሰቢያም በማይዝግ ብረት ዕቃ ላይ የሚጋገረውን ነጭ የወተት ቅርፊት ለማስለቀቅ ለስላሳ የምግብ አሲድ በሙቅ ውሃ በጥብጦ ማጠብ በቀዝቃዛ ውሃ ከማጠብ ሥራውን በብዙ ያሳጥራል፤ ከታጠበም በኋላ ዕቃው በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ መለቅለቅ አለበት። መታጠቢያውን የሚበጠብጠው ሠራተኛ አሲዱን ወደ ውሃው ይጨምር እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አያፍስስ፤ ያው መበጥበጫ ዕቃ ደግሞ ዚንክ የተለበጠ ባልዲ እንዳይሆን ይጠንቀቅ።